ቤንዚን አልወርድ ያለው የድሮ ሞተር ሳይክል

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። አንድ ወጣት ከአባቱ የቀረለት ሞተር ሳይክል አለው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ የተሠራ። ስምንት ዓመት ሳይነዳ ቆሞ ነበር። አሁን አዲስ ቤንዚን ሞልቶ ሲያስነሳው ይነሳል። በሚኒሞም (ጋዝ ሳይሰጠው) ጥሩ ይሠራል። መንገድ ላይ ጋዝ ሲሰጠው ግን አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ይንተፋተፍና ይጠፋል። ሩብ ሰዓት ካረፈ በኋላ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ተመልሶ ይነሳል። የቤንዚኑን ቱቦ ከካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር ከሚቀላቀሉበት) ነቅሎ ሲያየው ቤንዚኑ የሚወርደው በጠብታ ነው። በአፉ ነፋበት፤ ለአንድ ቀን ተሻለው፤ በማግስቱ ባሰበት። «ጋሼ፣ በኮምፕሬሰር ልንፋው ወይስ በሽቦ ልውጋው?» ይላል።

ወንድሜ፣ ሁለቱንም አታድርግ። ኮምፕሬሰሩ ሳልቫትዮህን (የቤንዚን ማጠራቀሚያህን) ሊያበላሸው ይችላል። ሽቦው ደግሞ ቤንዚኑን የሚያጣራውን ወንፊት ይበሳብሃል። ቱቦው መከፈቱ አይቀርም፤ እሱ አያሳስብም። እኔን የሚያሳስበኝ የደፈነው ነገር ከየት መጣ የሚለው ነው። እሱን ሳታውቅ ብትከፍተው ብዙም ሳይቆይ መልሶ ይደፈናል። በአፍህ ስትነፋው የሆነውም ይኸው ነው። ቆሻሻውን ወደ ሳልቫትዮው መልሰህ ገፋኸው። እዚያ ሲንሳፈፍ ዋለ። ሲረጋ ሌላም ጨምሮ ተመልሶ አፉ ላይ ተቀመጠ።

መጀመሪያ ምልክቱን እንረዳው። ካርቡሬተሩ ከታቹ ትንሽ ኩባያ አለው። ሞተሩ የሚጠጣው ከዚያ ነው። ሚኒሞ ላይ የሚፈልገው በጣም ጥቂት ስለሆነ ጠብታም ይበቃዋል። ጋዝ ስትሰጠው ግን ኩባያው ከሚሞላው በላይ ይጎድላል። ባዶ ሲሆን ሞተሩ ይጠፋል። ሩብ ሰዓት ስታሳርፈው ጠብታው ተጠራቅሞ ይሞላዋል፤ ስለዚህ ይነሳል። ይህን ምልክት አይተው ካንዴላና ኮይል (ብልጭታ የሚሰጡትን) የሚቀይሩ ብዙ ናቸው። አልፈርድባቸውም፤ የደከመ ኮይልም ሲሞቅ እየጠፋ ሲቀዘቅዝ ይነሳል። አንተ ግን ጠብታውን በዓይንህ አይተሃል። ኮይሉን ለጊዜው ተወው።

አንድ ነገር ልብ በል። ያንተን በመሰለ የድሮ ሞተር ላይ አብዛኛውን ጊዜ የቤንዚን ፓምፕ የለም። ቤንዚኑ የሚወርደው በራሱ ክብደት ብቻ ነው። ሳልቫትዮው ከካርቡሬተሩ 25 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል፣ ቱቦው ጫፍ ላይ የሚኖረው ግፊት 0.02 ባር እንኳ አይሞላም። ጎማህ ውስጥ ያለው አየር 2 ባር ገደማ ነው፤ ከመቶ እጥፍ በላይ ማለት ነው። በፓምፕ የሚሠራ መኪና ገፍቶ የሚያሳልፈው ትንሽ እድፍ ይህን ሞተር ያቆመዋል። ለዚህ ነው የረባ ነገር ሳይታይ ቤንዚን እምቢ የሚለው።

ከመፍታትህ በፊት ግን አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሙከራ አለ። ጠብታውን ያየኸው የሳልቫትዮው ክዳን ተከፍቶ ነው ወይስ ተዘግቶ? አልነገርከኝም። ክዳኑ ላይ ትንሽ መተንፈሻ ቀዳዳ አለች። ቤንዚን ሲወርድ በምትኩ አየር መግባት አለበት። ያቺ ቀዳዳ በአቧራ፣ በሰም ወይም በቀለም ከተደፈነች ውስጡ አየር አልባ እየሆነ ቤንዚኑን ወደ ኋላ ይዞ ያስቀረዋል። ምልክቱ ያንተኑ ይመስላል፤ ይሄዳል፣ ይጠፋል፣ ሲያርፍ ይነሳል። ስለዚህ ቱቦውን ነቅለህ ዕቃ ውስጥ እያፈሰስክ ክዳኑን ክፈት። ሲከፈት «ፍስስ» የሚል ድምፅ ከሰማህና ጠብታው ወዲያው ወፍሮ መውረድ ከጀመረ ችግርህ ክዳኑ ነው። ክዳኑን አጥበህ ቀዳዳዋን በቀጭን ነገር ጥረግ፤ በቃ። ሰው ሳልቫትዮ አውርዶ፣ ቀለም አስቧጭሮ፣ መጨረሻ ላይ ጥፋቱ ክዳኑ ሆኖ ሲገኝ ደጋግሜ አይቻለሁ። በጣም ያሳዝናል።

ክዳኑ ካልሆነ ወደ ሥራው እንግባ። እዚህ ላይ ትንሽ ጠንከር ብዬ ብናገር አትቀየመኝ። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሆነ ብርድ ውስጥ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ያወጣል። ትነቱ ከአየር ይከብዳል። ወለል ወለሉን ይሄድና ራቅ ያለ ምድጃ ወይም ብልጭታ ያገኛል። አየሩ ውስጥ 1.4 በመቶ ያህል ከገባ በቂ ነው። ሰው ደግሞ ባዶ ሳልቫትዮ አይፈራም። ከሙሉው ይልቅ አደገኛው ባዶው ነው፤ ውስጡ በትነትና በአየር ድብልቅ የተሞላ ነውና። ስለዚህ ደጅ ላይ ሥራ። የባትሪውን ገመድ ንቀል። ሲጋራ የሚባል አጠገብህ አይድረስ። የእሳት ማጥፊያ አቅርብ። ቤንዚኑን ለነዳጅ በተሠራ ጀሪካን ቅዳው እንጂ ስስ የውሃ ላስቲክ ውስጥ አታድርግ። እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ያለበት ቤንዚን ይሸጥ ከነበረበት ዘመን የተረፈ ዝቃጭ ሊኖር ስለሚችል ጓንት አድርግ። በአፍህ መሳብም መንፋትም ከእንግዲህ ይቅር። አንድ ጉንጭ ቤንዚን ወደ ሳንባ ከገባ ጉዳቱ ከባድ ነው።

ፍለጋው ከታች ወደ ላይ ይሁን። መጀመሪያ የጎማ ቱቦውን አውልቀው። ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ያበጠ ቱቦ ብዙ ነው። ኤታኖል (የአልኮል ዓይነት) የተቀላቀለበት ዘመናዊ ቤንዚን የድሮ ጎማን ያሳብጠዋል፤ የውስጡ ሽፋን ተላጥቶ እንደ በር ይዘጋበታል። ከወጣልህ በኋላ በምላጭ በቁመቱ ሰንጥቀህ እየው። ውስጡ ከለሰለሰ ወይም ጣትህን ካጠቆረው አልቆለታል። እንዲያውም ስምንት ዓመት የቆመ ቱቦ ሳይመረመርም መቀየር አለበት። የውስጡ ስፋት ብዙውን ጊዜ 6 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ የድሮውን ለክተህ ኤታኖል የሚችል የቤንዚን ቱቦ ግዛ። የመስኖና የውሃ ላስቲክ አይሆንም፤ በጥቂት ወራት ደርቆ ይሰነጠቃል።

ቱቦው ከወለቀም በኋላ ጠብታው ያው ከሆነ ወደ ሩቢኔቱ (የቤንዚኑ መክፈቻና መዝጊያ) እንሂድ። ሩቢኔቱ ወደ ሳልቫትዮው ውስጥ ሽቅብ የሚዘልቅ ቀጭን ቧንቧ አለው። መደበኛው ላይ ስታደርገው ቤንዚን የሚገባው ከቧንቧው ጫፍ ነው፤ ሪዘርቭ (መጠባበቂያው) ላይ ስታደርገው ከሥሩ። ይህ ራሱ ምርመራ ነው። ሳልቫትዮው ሙሉ ሆኖ በመደበኛው ካልወረደ፣ በሪዘርቭ ግን ከወረደ፣ የተደፈነው ቧንቧው ነው። በሪዘርቭ እምቢ ብሎ በመደበኛው ከወረደ ዝቃጩ ሥሩን ቀብሮታል። በሁለቱም እምቢ ካለ ወንፊቱ ወይም የሩቢኔቱ ሆድ ነው። አንድ ማሳሰቢያ፦ ከ1970ዎቹ ወዲህ የመጡ አንዳንድ ሞተሮች ላይ ሩቢኔቱ ሞተሩ ሲስብ ብቻ ነው የሚከፈተው። ከጎኑ ሁለተኛ ቀጭን ቱቦ ካየህ እሱ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ቤንዚን አለመውረዱ ለሱ ጤንነቱ ነው። ያንተ ዕድሜ ላይ ግን ይህን አልጠብቅም።

ሳልቫትዮውን ባዶ አድርግና ሩቢኔቱን ፍታ። እዚህ ላይ ሁለት ቁልፍ ያስፈልግሃል። ብዙ የድሮ ሳልቫትዮዎች ላይ ሩቢኔቱ የሚገባበት የነሐስ ዳዶ ቆርቆሮው ላይ የተያያዘው በሊድ ብየዳ ነው። በአንድ ቁልፍ ብቻ ብታዞረው ብየዳው ይላቀቃል። አንዱ ቁልፍ ዳዶውን ይያዝ፣ ሌላው ሩቢኔቱን ያዙር። ከጠበቀ ዘይት ቀብተህ አሳድረው። በእሳት ማሞቅ ፈጽሞ አይታሰብም። አደጋው ትነቱ ብቻ አይደለም፤ ብየዳውም 190 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይቀልጣል።

ሲወጣ ወንፊቱን በነጭ ሳህን ላይ አስቀምጠው። አትጠበው ገና። ቆሻሻውን አትድፋው። ዝም ብለህ እየው፤ የሚነግርህ ብዙ ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የሩቢኔቱን ሆድ ፍታ። በዚያ ዘመን አንዳንድ ሩቢኔት፣ በተለይ የእንግሊዝ ሞተሮች ላይ፣ በሚገፋና በሚሳብ ዘንግ ላይ በተሰካ ቡሽ ነው የሚዘጋው። ቡሽ ቤንዚን ውስጥ ሲኖር አብጦ ቀዳዳውን ይሞላዋል። ዓመታት ሲደርቅ ግን ይኮማተራል፤ ይፈረፈራል። አንድ ጊዜ የከፈትኩት ሩቢኔት ውስጥ መዳፌ ላይ የወደቀው እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ያለ ቡናማ ነገር ነበር። ባለቤቱ ዝገት ነው ብሎ ሳልቫትዮውን በአሲድ ሊያጥበው ተዘጋጅቷል። በጣቴ ጨመቅ ሳደርገው ለሰስ አለ። ዝገት እንዲህ አይለሰልስም። ሳልቫትዮው ምንም አልነበረውም፤ አንድ አዲስ ቡሽ ብቻ ነው የፈለገው። የደረቀ ግን ያልተሰነጠቀ ቡሽ ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲነከር አብጦ ሊመለስ ይችላል። የተፈረፈረውን ቀይረው። ያንተው ሩቢኔት የጎማ ጎሚኒ (ቤንዚን እንዳያፈስ የሚያሽግ) ያለው ከሆነ ጎሚኒውን ሁሉ አዲስ አድርግ። ያበጠ ጎሚኒ ራሱ ቀዳዳውን ይሸፍናል።

አሁን ቧንቧውን ማጽዳት። ሕጉ አንድ ነው፤ ቆሻሻው በመጣበት ይመለስ። ከላይ ከሳልቫትዮው ወርዶ ነው የተሰነቀረው። ወደ ታች ብትገፋው ይበልጥ ይጠብቃል፤ ከታች ወደ ላይ ስትገፋው ይላቀቃል። የምትገፋበት ነገር ከቧንቧው የለሰለሰ ይሁን። እኔ የምጠቀመው 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ናይለን ነው፤ የሣር ማጨጃ ማሽን ላይ የሚጠመጠመው ዓይነት። ጫፉን አድቦልቡለው። አትውጋ፤ እያሽከረከርክ አስገባው። ሲይዝህ ተው፣ ትንሽ አሴቶን በስሪንጅ ጨምርበት፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ፣ እንደገና ሞክር። ያረጀ ቤንዚን ቀላሉ ክፍሉ ተንኖ የሚቀረው ከአየር ጋር እየተዋሐደ እንደ ሙጫ ይሆናል። ሽታውም ቤንዚን ቤንዚን አይልም፤ የቆየ ቨርኒሽ ነው የሚሸተው። አሴቶን ይህን ያሟሟዋል። ግን ቀለምንም፣ ጎማንም፣ ላስቲክ ወንፊትንም ያሟሟል። ስለዚህ ጎሚኒና ወንፊቱ ወጥተው፣ ሩቢኔቱ ብቻውን ጠረጴዛ ላይ ሆኖ እንጂ ሞተሩ ላይ ተሰክቶ አይደለም። ቧንቧው ሳልቫትዮው ላይ ተበይዶ የማይወጣ ከሆነ ዙሪያውን ጨርቅ ጠቅልል፤ አንድ የአሴቶን ጠብታ ቀለም ላይ ካረፈች አሻራዋ አይጠፋም።

አየር የግድ ካስፈለገህ የብስክሌት መንፊያ ይበቃል። ከታች ወደ ላይ፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ቀስ ብሎ። ኮምፕሬሰሩን ለምን እንደምጠላው ልንገርህ። ወጣት ሆኜ የሰው ሞተር ላይ ክዳኑን ሳልከፍት በኮምፕሬሰር ነፋሁ። «ጓ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የጎኑ ቆርቆሮ ወደ ውጭ ተነፍቶ ነበር፤ ከሥሩ ያለው ስፌት ደግሞ ተሰንጥቆ ቤንዚን ያነባ ጀመር። በኋላ አሰላሁት። 20 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጎን ላይ ግማሽ ባር ግፊት ብቻ 300 ኪሎ ያህል ይጫነዋል። ኮምፕሬሰር ደግሞ 8 ባር ይሰጣል። ሰውየው ያንን ሳልቫትዮ በዚያ ቀለም ዳግም አላየውም። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ወደ ሳህኑ እንመለስ። ዋናው ይህ ነው። ያልነካኸውን ቆሻሻ አሁን በደንብ ተመልከተው፤ ማግኔት አስጠጋበት። ማግኔቱ ከሳበውና ቀይ ዱቄት ወይም ጥቁር ስስ ቅርፊት ከሆነ ሳልቫትዮው ከውስጥ ዝጓል። እንደ ማር የተጣበቀ ቡናማ ነገር ከሆነ ያረጀ ቤንዚን ነው፤ ይህ ቀላሉ ነው። እንደ ተላጠ ቆዳ ስስ፣ የሚታጠፍና ማግኔት የማይስበው ከሆነ ቀደም ሲል አንድ ሰው ውስጡን በማሸጊያ ቀብቶታል፤ ያ ማሸጊያ በኤታኖል እየተላጠ ነው። ይህ ክፉው ነው። ቧንቧውን መቶ ጊዜ ብታጸዳ ሌላ ቅርፊት ይመጣል፤ ማሸጊያው ሙሉ በሙሉ ተሟሙቶ መውጣት አለበት፤ ትዕግሥትና ብዙ ማሟሟያ ይጠይቃል። ነጭ ሙጭጭ ያለ ነገር ካየህ ውሃ ገብቷል። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ሁልጊዜ ሥር ነው የሚተኛው፤ ዝገቱም ከዚያው ይጀምራል። ኤታኖል ያለበት ቤንዚን ደግሞ እርጥበት ከአየር ይስባል። ሲበዛበት ኤታኖሉ ከውሃው ጋር ተለይቶ ወደ ታች ይወርዳል።

ስምንት ዓመት ቆሞ ስለነበር ግምቴ ሙጫና ዝገት አንድ ላይ ነው። ዝገቱ ቀላል ዱቄት ከሆነ ንጹሕ ቤንዚን ጨምረህ፣ አወዛውዘህ፣ በጨርቅ አጥልለህ ሦስት አራት ጊዜ አጥበው። ከባድ ከሆነ መጀመሪያ የቤንዚኑን ቅባት በሳሙና ውሃ ደጋግመህ አጥበህ አውጣ። ከዚያ በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ከ50 እስከ 100 ግራም ሲትሪክ አሲድ በጥብጠህ ሙላው። አንድ ቀን ይቆይ፤ በየመሀሉ በባትሪ መብራት እየው። አቼቶም ይሠራል፤ ግን ይዘገያል። የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ የሚሆነውን ኃይለኛ አሲድ አታስገባ፤ ዝገቱን ሲጨርስ ብረቱን ይበላል። ሩቢኔቱና ክዳኑ ቀድመው ይውጡ፤ ቀዳዳዎቹን ድፈን፤ ቀለሙን ሸፍን። ሳልቫትዮህ አልሙኒየም ወይም ፋይበርግላስ ከሆነ ይህን ሁሉ ተወው፤ ይህ ለብረት ብቻ ነው። ሲያልቅ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ አለቅልቀው፤ ከዚያ በንጹሕ ውሃ። ወዲያው አድርቀው። እርጥብ ሆኖ ከቆየ ዓይንህ እያየ መልሶ ይዝጋል። እንደደረቀ ትንሽ ቤንዚን ከሁለት ስትሮክ ዘይት ጋር ቀላቅለህ ውስጡን ሁሉ አዳርሰው።

ብሎን ወይም ዳዶ ጨምሮ መነቅነቅም የተለመደ ነው። አልቃወምም። ያስገባኸውን ቆጥረህ ብቻ አስገባ፤ ቆጥረህም አውጣ።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ሳልቫትዮህ በፍሬሙ ላይ እንደ ኮርቻ ግራና ቀኝ የሚወርድ ከሆነ ሁለት ሆድ አለው። አንዳንዱ ላይ ሁለቱን ሆዶች ከሥር የምታገናኝ አጭር ቱቦ አለች። ያቺ ከተደፈነች ሩቢኔት በሌለበት ጎን ያለው ቤንዚን አይሻገርም። ሞተሩ ግማሽ ቤንዚን ይዞ ያልቅበታል። ሩቢኔቱን ስታጸዳ እሷንም አጽዳ።

መልሰህ ስትገጥም የቱቦውን አካሄድ እየው። ቱቦው ከሩቢኔቱ እስከ ካርቡሬተሩ ዘወትር ቁልቁል ይሂድ። መሀል ላይ ጉብታ ካለው አየር እዚያ ይታሰራል፤ በዚህች ትንሽ ግፊት ቤንዚኑ አየሩን ገፍቶ አያልፍም። ተጨማሪ ማጣሪያ ማስገባት ጥሩ ነው፤ ግን ለፓምፕ የተሠራውን የወረቀት ማጣሪያ አታድርግ፤ ያንቀዋል። የሽቦ ወንፊት ያለው ትንሹ ይሻላል። ካርቡሬተሩ መግቢያ ላይም አንዳንዴ ደቃቅ ወንፊት አለ፤ አማል የሚባለው የእንግሊዝ ካርቡሬተር ከሆነ ቱቦው የሚታሰርበትን ብሎን ፍታና ከሥሩ ፈልጋት። ኩባያውንም አውርደህ ጥረገው። ከላይ የተላቀቀው ሁሉ መጨረሻ የሚያርፈው እዚያ ነው።

ሠራ ብለህ ወዲያው መንገድ አትውጣ። ለካው። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር እየሄደ በመቶ ኪሎ ሜትር 5 ሊትር የሚጠጣ ሞተር በሰዓት 4.5 ሊትር ይፈልጋል። በደቂቃ 75 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ዳገት ላይ ጋዝ ሞልተህ ስትሰጠው እጥፍና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ስለዚህ እኔ በደቂቃ ከ300 ሚሊ ሊትር በታች ከወረደ አልቀበልም። የተለካ ዕቃ ያዝ፣ ሳልቫትዮው ውስጥ ሦስት ሊትር ያህል ይኑር፣ ክዳኑን ጥብቅ አድርገህ ዝጋ፣ ሩቢኔቱን ክፈት። በመደበኛውም በሪዘርቭም ሞክረው፤ በመደበኛው ከቧንቧው ጫፍ በታች ሲደርስ ቢቆም አትደንግጥ፤ ለዚያ ነው የተሠራው። ክዳኑ የሚዘጋው መተንፈሻውም አብሮ እንዲፈተን ነው። ወፍሮ ጀምሮ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ከቀጠነ ወደ ክዳኑ ተመለስ። እንደጀመረ ከቀጠለ ቱቦውን ግጠም።

ከመጀመሪያው 50 ኪሎ ሜትር በኋላ ማጣሪያውን ፈትተህ ነጭ ሳህን ላይ አራግፈው። ምን እንደወጣ ጻፍልኝ፤ ቀለሙን፣ ማግኔት መሳብ አለመሳቡን። ከዚያ ሳልቫትዮው መታከም ይበቃው እንደሆነ አብረን እናያለን።